የሐሙሱ ማስታወቂያ

የሚስቱን መሞት የሰማው መሰላል ላይ ሆኖ ነው። የአንድ መድኃኒት ቤት ኮርኒስ እየቀባ ነበር። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲጮህ እጁ በነጭ ቀለም ተነክሮ ስለነበር ዝም አለው። ደግሞ ሲጮህ ወረደና እጁን በሱሪው ጠርጎ አነሳው። የደወለው ሚስቱ አትክልት ከምትሸጥበት መደብ ፊት ለፊት ያለው ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር።

«ጋሼ፣ መደቡ ጋ ይምጡ።»

«ምን ሆነች?»

«ይምጡ ብቻ።»

ሰው «ብቻ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ በዚያ ዕድሜ የማያውቅ የለም። ቀለም ቀቢው የባልዲውን ክዳን ገጠመ፣ ብሩሹን ውኃ ውስጥ ነከረ፣ ከዚያ ሄደ። በኋላ ልጁ «በዚያ ሰዓት ብሩሽ ትዝ ይልሃል?» ብላዋለች። እጁ የለመደውን ነው የሠራው።

ሲደርስ በራሷ ሹራብ ሸፍነዋታል። ሚዛኑ ላይ ቲማቲም እንደተጫነ ነው። ገዢዋ ባዶ ዘንቢሏን ይዛ አጠገቡ ቆማለች፤ መሄዱንም መቆየቱንም አላወቀችበትም።

ሟቿ ስሟ ሌላ ነበር፤ ሰፈሩ ግን ጋዜጣ ይላታል። ነገሩ እንዲህ ነው። ያ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየሳምንቱ ዓርብ አንድ ገጽ ወረቀት በልጆች ቦርሳ ወደ ቤት ይልካል፤ ግማሹ ዜና፣ ግማሹ ለወላጆች ምክር። «የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች» ብሎ ይጀምርና ከዚያ በታች ያለው ለጠበቃም ያስቸግራል። አንድ ቀን አንዲት እናት ሽንኩርት እየመረጠች «እስቲ ይሄ ምን እንደሚል እይልኝ፤ መነጽሬን ረስቼ ነው» አለቻት። መነጽር የሚባል ነገር እንደሌላት ሁለቱም ያውቃሉ። አነበበችላት። በሳምንቱ ሦስት ሆነው መጡ። እያለ እያለ ዓርብ ልጆች ሲለቀቁ መደቡ ዙሪያ መቆሚያ ጠፋ።

ወረቀቱ «የተማሪዎችን የግል ንጽህና አጠባበቅ በቤተሰብ ደረጃ ስለማጠናከር» ካለ፣ እሷ «ጥፍር ቁረጡላቸው ማለት ነው» ትላለች። «ፀጉርም እዩ። ቅማል ማለት አፍረው ነው።»

«የቤት ሥራን ሂደት በንቃት ስለመከታተል» ያለ ዕለት ደግሞ ዐይኗን ጎማ ጠጋኙ አባት ላይ ተከለች። «ተከታተሉ ነው ያለው እንጂ ሥሩላቸው አላለም። መምህሯ ያንተን ጽሑፍ ከሰባት ዓመት ልጅ ጽሑፍ መለየት አያቅታትም።»

«የኔ ነው እኮ የሚብሰው» አለ ጎማ ጠጋኙ። ሰዉ ሳቀ፣ እሱም ጎመን ገዝቶ ሄደ።

በቀንና በሰዓት ግን ቀልድ አልነበራትም። ቀን ሲመጣ ድምፅዋን ታስተካክላለች። ሁለት ጊዜ ታነባለች፤ ሁለተኛውን ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ። ወረቀቱ ላይ የሌለ ቀን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ይህን ባሏ ብቻ ሳይሆን ከእሷ አንዲት ቃሪያ የገዛ ሁሉ ይመሰክራል። ማለት፣ ይመሰክራል ብሎ ነበር እሱ የሚያስበው።

ከዚያ የሐሙሱ ነገር መጣ። የዓርቡ ወረቀት «በመጪው ሐሙስ የመምህራን ሱባኤ ስለሆነ ትምህርት የለም» አለ። እንደ ልማዷ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሐሙስ ዕለት ከግማሽ በላይ ልጆች ቀሩ። ሱባኤው ግን ዓርብ ኖሯል። ይባስ ብሎ በዚያው ሐሙስ ከትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪዎች መጥተው ባዶ ወንበር ሲቆጥሩ ዋሉ። እኩለ ቀን ላይ በበሩ ሰሌዳ ላይ የነበረው ወረቀት ተነሥቶ «ዓርብ» የሚል ሌላ ተለጠፈ።

ማታ ለባሏ ነገረችው። «ያነበብኩት የተጻፈውን ነው፣ ነጩ» አለችው። ሁልጊዜ ቀለም ስለማያጣው ነጩ ነው የምትለው።

«ታዲያ ወረቀትሽን አውጥተሽ አሳዪያቸዋ።»

«ቃሪያ ጠቀለልኩበት» አለችና ሳቀች። ሳቋን ግን አልጨረሰችውም።

የሌሎቹስ ወረቀት? እሷ ታነብልን የለ ብሎ ማን ያስቀምጣል። ልጆቹ አውሮፕላን ሠርተውበታል።

ሱባኤው ካለፈ በኋላ፣ ሰኞ፣ ሌላ ወረቀት ወጣ። እናቶቹ ይዘውት እንደ ወትሮው ወደ መደቡ መጡ፤ ምን እንደሚል አያውቁም፣ ከየት ያውቃሉ። እሷም ተቀብላ ማንበብ ጀመረች። «አንዳንድ ወላጆች ከግቢያችን ውጭ በማይመለከታቸው ግለሰቦች የሚነዛ የሐሰት ወሬ ሰምተው ልጆቻቸውን ማስቀረታቸውን በሐዘን ተገንዝበናል። ከእንግዲህ ማንኛውም ወላጅ መረጃ ከትምህርት ቤቱ ብቻ እንዲቀበል በጥብቅ እናሳስባለን።» ዘበኛው ከበሩ ሆኖ ያይ ነበርና በኋላ ለባሏ እንደነገረው፣ አንድ ቃል ሳትዘል እስከ ታች አነበበችው። በቀላል አማርኛ ግን አልመለሰችላቸውም። አጥፋ ለሰጠቻት እናት መለሰችና «የማን ሽንኩርት ነው ይሄ?» አለች።

ከዚያ ወዲህ ወረቀት አላነበበችም። ቅጽል ስሟ ግን አልቀረላትም፤ መሳለቂያ ሆነ። «ጋዜጣ፣ ነገ ፀሐይ ትወጣለች ወይስ ሱባኤ ናት?» ይላታል አላፊ አግዳሚው። እሷ ቀና ሳትል ትመዝናለች፣ ዝርዝር ትመልሳለች። ቀለም ቀቢውም «ተይው፣ ያልፋል» ይላት ነበር። እሷ ናት ያለፈችው።

በለቅሶው ሰሞን የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ መጣች። ወጣት ናት። ጥግ ላይ ተቀምጣ ሰው እስኪቀንስ ጠበቀች፤ ከዚያ ወደ ቀለም ቀቢው ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለችው። «ያምናውን ወረቀት ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ቀኑን ሳልቀይር አተምኩት። አምና ሐሙስ ነበር። እሷ ትክክል ነበረች።»

እሱ የያዘውን ስኒ አስቀመጠ።

«ለዳይሬክተሯ ለሲስተር በዚያው ሐሙስ ነግሬያቸዋለሁ። እኔ እቀጣለሁ ብዬ ነበር። ‹አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ እኔ እይዘዋለሁ› አሉኝ።»

ልጁ ከኋላ ሰምታ ነበርና ትሪውን ጠረጴዛ ላይ ጣል አደረገችው። «እያወቀች? እያወቀች ነው እናቴን ውሸታም ያሰኘቻት?»

«እያወቁ በይ» አላት አባቷ። «ትልቅ ሰው ናቸው።»

«አባዬ፣ ለሷም አንቱታ ልጨምር?»

የእሱን ለቅሶ ገፍቶ ሌላ ነገር ገባ። እስከዚያ ቀን ሐዘኑ ንጹሕ ሐዘን ነበር። ስሕተት ማንም ላይ ይደርሳል፤ እሱም ስንት ግድግዳ ያልታዘዘ ቀለም ቀብቶ በራሱ ወጪ መልሶ ቀብቷል። አውቆ ዝም ማለት ግን ሌላ ነው። ያቺ ልጅ እንኳ አጥፍቻለሁ ብላ ነበር። ታዲያ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ካልሆነ በቀር፣ አትክልት ሻጭ ምን አደረገች?

ዓርብ ዕለት የልጅ ልጁ ቦርሳ ውስጥ ወረቀቱ መጣ። ልጁ አነበበችለት። መጀመሪያ ላይ የሟቿ ስም አለ፤ «በትምህርት ቤታችን በር አካባቢ ለረጅም ዓመታት የምትታወቅ፣ የቤተሰባችን ቅን ወዳጅ» ይላል። ቅዳሴ እንደሚደረግላትም ይናገራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህ ነው። ከሥሩ ደግሞ፣ የሁለተኛ ክፍል ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ንስሐ ሊገቡ ስለሆነ ለወላጆች የተሰጠ ምክር ነበር። ልጁ እሱን አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ አባቷን አየችው። እሱም «ድገሚው» አላት። ደገመችው። ወረቀቱን ተቀብሎ በአራት አጠፈና ደረት ኪሱ ከተተው።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሄደ። ዳይሬክተሯ ሲስተር ተነሥተው ተቀበሉት። እጁን በሁለት እጃቸው ያዙ። ቢሯቸውን ያውቀዋል፤ ግድግዳውን የቀባው እሱ ነው።

«እንኳን መጡ። እኔም ልጠራዎት ነበር» አሉ። «በሩ አጠገብ፣ ዛፉ ሥር፣ አግዳሚ ወንበር ልናቆምላት ነው። ጀርባው ላይ ስሟ ይጻፋል። ቀለሙን እርስዎ ቢቀቡት ደስ ይለን ነበር። በክፍያ ነው።»

«ክፍያ አልፈልግም፣ ሲስተር። አንድ መስመር ነው የምፈልገው።»

«የምን መስመር?»

«በዓርቡ ወረቀት ላይ። የሐሙሱ ስሕተት የትምህርት ቤቱ ነበር፣ የሷ አልነበረም የሚል። የጸሐፊዋን ስም አታንሡ። ልጅ ናት፣ እንጀራዋ ነው።»

ሲስተር ወደ መስኮቱ ዞር አሉና ተመለሱ። «ጋሼ፣ የቆየ ነገር ነው። አሁን ብናነሣው ወላጆች በትምህርት ቤቱ ላይ እምነት ያጣሉ።»

«በሷ ላይ አጥተው የለም እንዴ?»

«እሷ እኮ አርፋለች። በጌታ ፊት ሁሉም የታወቀ ነው።»

«በጌታ ፊትማ ድሮም የታወቀ ነው። ያልታወቀው በአትክልት መደቡ ፊት ነው።»

ሲስተር ክፉ ሰው አይደሉም። መደቡ ላይ በወደቀችበት ሰዓት ቢያውቁ ኖሮ ሐኪም ቤት የሚወስዷት እሳቸው ነበሩ። ይህን እሱም ያውቃል፤ ቁጣውን ያባሰበትም ይኸው ነበር። ክፉ ቢሆኑ ረግሞ ይወጣ ነበር።

ከደረት ኪሱ ወረቀቱን አወጣ። ንባቡ ቀርፋፋ ነው። ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ጀመረ። «‹ልጅዎ አጥፍቻለሁ ብሎ እንዲጀምር ያስተምሩት። ግን የሚለውን ቃል እንዳይጨምር ይርዱት። በጥፋቱ የተጎዳ ሰው ካለ፣ ንስሐው በቃል ብቻ እንዳይቀር፣ የጎዳውን ሰው እንዲክስ ያበረታቱት።›» ትንፋሹን ሰበሰበና እንደገና ከመጀመሪያው አነበበው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አሉ ሲስተር ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ። ጥሩ ምክር ነው። እሷ ብትኖር ኖሮ ማስረዳት እንኳ አያስፈልጋትም ነበር፤ እንደዚህ ቀላል አድርጋችሁ ጽፋችሁ አታውቁም።»

ሲስተር ሊስቁ ምንም ያህል አልቀራቸውም። ከዚያ ፊታቸው ወደነበረበት ተመለሰ። «ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» አሉ። «ላስብበት። ከበላዬም ሰዎች አሉ።»

«ያስቡበት። ወንበሩን እቀባለሁ።»

ቅዳሜ ቀባው። አረንጓዴ ነው፤ እሷ ጎመን አረንጓዴ የምትለው። እንጨቱን አሸተ፣ የመሠረት ቀለም ሰጠ፣ ከላይ ሁለት ጊዜ ደረበበት። ጀርባው ላይ ስሟ የሚጻፍበትን ቦታ በፕላስተር ከለለና አረንጓዴው እንዳይነካው አደረገ። ፕላስተሩን ሲልጠው ነጭ አራት ማዕዘን ቀረ።

«ጋሼ፣ ይሄን ረሱት?» አለ ዘበኛው።

«አልረሳሁትም።»

«እና ስሙ?»

«መስመሩ ሲወጣ።»

ዘበኛው ምን መስመር እንደሆነ አልጠየቀም። ጸሐፊዋ ሳትነግረው አልቀረችም። ከዚያ ወዲህ ግን ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ወላጅ «ምነው ስም የለው?» ባለ ቁጥር ዘበኛው እንዲህ ይላል፦ «ቀለም ቀቢው ባሏ ጋ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ከትምህርት ቤቱ ብቻ መረጃ ተቀበሉ የተባለው ለሱ አይሠራም።» ጎማ ጠጋኙ ሄዶ ጠየቀ። ተነገረው። «እኔም እኮ ስቄባታለሁ» ብሎ ወጣ።

መደቡን አሁን ልጁ ይዛዋለች። የልጅ ልጁ በቀኗ ንስሐ ገብታ ወጣች፤ «ግን» አላለችም። ወረቀቱም በየዓርቡ ይመጣል። ስለ ደንብ ልብስ መጣ፣ ስለ ክትባት መጣ፣ ስለ ቁርባን ልምምድ መጣ፣ ስለ ዝናብ ጫማም መጣ። ቀለም ቀቢው ከሥራ ሲመለስ መደቡ ጋ ይቆማል። ልጁ ከላይ እስከ ታች ታነብለታለች፤ እሱም ይሰማል፤ ከዚያ ወረቀቱን ተቀብሎ አጥፎ ቤት ያስቀምጠዋል፤ ቃሪያ አይጠቀለልበትም።

መስመሩ እስካሁን አልወጣም። ወንበሩም ላይ ስሟ አልተጻፈም።