መብራት ሲመጣ ሳይነሣ የቀረው

ትናንት ልጄ ሰላም ከሥራ ስትመለስ እኔ በጠርሙስ ቂጥ ፉል እየደቆስኩ ነበር። ጫማዋን እያወለቀች፣ "ማማ፣ ሙዲሩ ቡክራ ፓስፖርትሽን ይዘሽ ነይ ብሎኛል፤ ካዝናው ውስጥ ያስቀምጥልኛል፤ እንዳይጠፋብሽ ነው አለኝ" አለችኝ። ጠርሙሱ እጄ ላይ ቀረ።

ሰላም ካርቱም ተወልዳ ያደገች ናት፤ ከአማርኛዋ ግማሹ ዐረብኛ ነው፤ አለቃዋን ሙዲር፣ ነገን ቡክራ ትላለች። ቡሪ ሰፈር ውስጥ መድኃኒት በጅምላ የሚያከፋፍል ሰው ቢሮ ገብታ ኮምፒውተሮቹን ትጠብቃለች። ከጦርነቱ ሸሽተን ከርመን ከተመለስን ወዲህ እኔ የማልፈራው ነገር የለም። ኬላ እፈራለሁ፤ በር ሲንኳኳ እፈራለሁ፤ እሷ የተሳፈረችበት ሃፍላ፣ የከተማው አውቶቡስ፣ ትንሽ ሲዘገይ መንገድ ወጥቼ እቆማለሁ። ወረቀት በእጇ የሌላት ሐበሻ እዚህ ከተማ ምን እንደሚገጥማት አውቃለሁ። "እንዳይጠፋብሽ" የምትለዋን ቃል ግን ከሁሉም በላይ አውቃታለሁ። እኔንም የያዘኝ ሰው በዚህችው ቃል ነበር የያዘኝ።

ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ከአገር ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። እዚሁ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ ጋሼ ደምሴ የሚባል የአገሬ ሰው የስልክና የኢንተርኔት ቤት ነበረው። ከፊት በጣውላ የተከፋፈሉ የስልክ ክፍሎች፣ ከኋላ ደግሞ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀን ከሌት የሚያጓራ ጥቁር ሳጥን ነበር፤ ሰርቨር ይሉታል። እኔ የገባሁት ወለል ልጠርግና ደንበኛ ላስተናግድ ነው። ገና ሥራ ስጀምር፣ "ፓስፖርትሽን አምጪ፤ እኔ ጋ ይቀመጥ። የዚህን አገር ሌባ አታውቂውም፤ እንዳይጠፋብሽ" አለኝ። ሰጠሁት። የአገር ልጅ አይደል? ጭራሽ አመሰገንኩት።

ሳጥኑ ሲታመም የምትመጣው ነጅዋ የምትባል ጠጋኝ ናት። ሱዳናዊት ናት፤ ቶቧን ትከሻዋ ላይ ወርወር አድርጋ፣ ካርካዴዋን በበረዶ እየጠጣች የምትሠራ ሳቂታ ሴት። በዚያ ሙቀት ከኦምዱርማን ድረስ መመላለስ ሲሰለቻት፣ ትንንሹን ነገር በስልክ እየነገረችኝ እንድሠራ አስተማረችኝ።

"ስክሪኑ ላይ የምታዪያቸው ፕሮግራሞች አሉ" አለችኝ በዐረብኛ። "ደግሞ ፊት የሌላቸው፣ ከጀርባ ሆነው የሚሠሩ አሉ። ሊኑክስ ላይ ሰርቪስ እንላቸዋለን። ስልኩን የሚያገናኘው አንዱ ከነሱ ነው። እምቢ ሲልሽ ሳጥኑን እንዳትነቅዪ! ሌሎቹ ምን አጠፉ? እሱን ብቻ ጠይቂው። አለህ ወይ በይው። የለሁም ካለ፣ ከመውደቁ በፊት የጻፈውን የመጨረሻ መስመር አንብቢልኝ። ከዚያ እናስነሣዋለን።"

እንግሊዝኛ የሚባል አላውቅም። ግን በልጅነቴ የኔታ ዘንድ ሳለሁ ግእዙ ምን እንደሚል ሳይገባኝ ነበር በቃሌ የምወጣው። የነጅዋንም ትእዛዝ እንደዚያው ያዝኩት፤ ፊደሉን እንደ ሥዕል፣ ድምፁን እንደ ዜማ። ወለል ስጠርግ በልቤ እለው ነበር።

አንድ ቀን ነጅዋ አዲስ ነገር ጭናበት በሄደች ማግስት መብራት ሄዶ ሲመጣ ስልኩ ሳይሠራ ቀረ። ስደውልላት ሳቋን ለቀቀችው። "የኔ ጥፋት ነው! አስነሥቼው ሄድኩ እንጂ፣ መብራት በመጣ ቁጥር በራስህ ተነሥ አላልኩትም። ሁለቱ የተለያየ ትእዛዝ ነው፤ አንዱ ለአሁን፣ አንዱ ለነገ።" የነገውን ትእዛዝ መጻፊያውንም መሰረዣውንም ነገረችኝ፤ ይህችንም ከዜማዬ ጋር ያዝኳት። ምን እንደምትሆነኝ አላውቅም ነበር።

ክረምት ላይ ጭልጋ ያለችው እናቴ መታመሟን ሰማሁ። በገዳሪፍ በመተማ አድርጎ ለመግባት መንገዱ ጭቃ ቢሆንም ሩቅ አይደለም። ጋሼ ደምሴን ፓስፖርቴን ጠየቅሁት። "ቡክራ፣ ኢንሻላህ" አለኝ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ። በማግስቱም ቡክራ። ከዚያም በኋላ ቡክራ። የእሱ ቡክራ መሽቶ ሳይነጋለት ፍልሰታ ገባ፣ እናቴም ሞተች። መርዶውን የሰማሁት እዚያው ቤት፣ ጥጉ ላይ ባለው ክፍል፣ የስልኩን እጀታ ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ነው።

እሱው ጋ ሄጄ፣ "ጋሼ፣ እንግዲህ ይስጡኝ" አልኩት።

"ሞታለች እኮ" አለኝ። "አሁን ሄደሽ ምን ታደርጊላታለሽ? ነፍስ ይማር። በይ እንባሽን ጥረጊና ደንበኛ አስገቢ።"

አልጮኽኩም። እንባዬን ጠረግኩ፤ ደንበኛም አስገባሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን የትኛው ጎኑ እንደሚያመው ሳጠና ዋልኩ፣ አደርኩ። ልቀብራት አልቻልኩም፤ ለአርባዋ ግን መድረስ አለብኝ። ሰውዬውም እንዲሁ በነጻ አይለቀኝም፤ እኔም በነጻ አልለቀውም።

ሳጃና ያለ ሐበሻ ሁሉ ዕንቁጣጣሽ ለቤቱ ይደውላል። ጋሼ ደምሴ የዓመት እንጀራው የዚያን ቀን ነው፤ ወንበር ጨመረ፣ በሩን ቀለም ቀባ። የሰርቨሩ ባትሪ ከሞተ ቆይቶ ነበር፤ መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይጠፋል፤ ነጅዋ ቀይረው ብትለው እሷንም ቡክራ ብሏታል። በዋዜማው ከምሳ በኋላ ሲያንኮራፋ ኋላ ክፍል ገባሁ። ስልኩን የሚያገናኘውን አላጠፋሁትም፤ እንደወትሮው እየሠራ ነበር። ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከእንግዲህ መብራት ሲመጣ አንተ እንዳትነሣ። የቀረውን ለካርቱም መብራት ተውኩለት።

በዓሉ ዕለት ቤቱ ጢም አለ። ሴቶቹ በነጭ ቀሚስ፣ ወንዶቹ ከቀን ሥራ አቧራቸውን አራግፈው። ቀትር ላይ ሰማዩ ቀላ፣ ሀቡቡ ተነሣ፤ አሸዋው ጥርሳችን ውስጥ ተንቀጫቀጨ፣ መብራትም እልም አለ። ሲመለስ ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኖቹ በሩ፣ ፍሪጁ አጓራ። ስልኩ ብቻ ጭጭ።

ጋሼ ደምሴ በሞባይሉ ነጅዋ ጋ ደወለ። "ልጅቷ ታውቃለች" ብላ ዘጋችበት።

"አንቺ ልጅ! ምን ተጎልተሻል? ግቢና አስነሺው!"

"ቡክራ፣ ጋሼ" አልኩት። "ኢንሻላህ።"

መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ዓይኔን ሲያይ ግን ፊቱ ጠቆረ። "ፖሊስ እጠራለሁ!"

"ይጥሩ። ፓስፖርትሽ የት አለ ሲሉኝ ማን ጋ እንዳለ እነግራቸዋለሁ። እናቴ ስትሞትም ማን ጋ እንደነበረ።"

ከሰልፉ መሐል ሱቅ ዐረቢ ገበያ በርበሬ የምትቸረችረው እትዬ ዘውዴ ብቅ አለች። "ምን? የልጅቷን ፓስፖርት ነው እንዴ የያዝከው?"

"አደራ ነው!" አለ።

"አደራማ ሲጠየቅ ይመለሳላ! በል ወዲያ ስጣትና እናቶቻችንን እንኳን አደረሳችሁ እንበል። አለዚያ ተሻግረን ፊት ለፊት ያለው ስልክ ቤት እንደውላለን። ያላ፣ ሴቶች!"

ሰው መውጣት ሲጀምር ጋሼ ደምሴ ሮጠ። ፓስፖርቴን ከመሳቢያው አውጥቶ ወረወረልኝ፤ የእሱን ሽቶ ይሸታል። ደረቴ ውስጥ ከተትኩት፤ ገብቼም አስነሣሁለት። ስልኮቹ ሲሠሩ ሴቶቹ እልል አሉ። ያስነሣሁት ግን ለአሁን ብቻ ነው። የነገውን ትእዛዝ አልጻፍኩለትም። በማግስቱ ገዳሪፍ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ በመስኮት እያየሁ፣ መብራት የጠፋበት መንደር ባለፍን ቁጥር ብቻዬን እስቅ ነበር።

ለአርባዋ ደረስኩ። መቃብሯ ዙሪያ አደይ አብቦ ነበር፤ አፈሩ ገና አልረጋም። ያንን አፈር በእጄ ስነካ ነው የጮኽኩት።

ኋላ ተመልሼ ነጅዋን ሳገኛት ነገረችኝ። መብራት በሄደ ቁጥር ስልኩ ይሞትበታል፤ ይደውልላታል፤ እሷም "ቡክራ እመጣለሁ" ትለዋለች። ደንበኛው ሁሉ ወደ ፊት ለፊቱ ቤት ተሻገረ። ለጥምቀት ሳይደርስ ዘጋ። የንስሐ አባቴ ይቅር በዪው ይሉኛል። ብያለሁ እላቸዋለሁ፤ ከአንገት በላይ ነው። እናቴን ዓይኗን ሳልከድን አስቀርቶኛል፤ ይህን እሷ ይቅር ትበለው እንጂ እኔስ አልችልም።

ትናንት ማታ ይህን ሁሉ ለሰላም ነገርኳት። ፉሉ ቀዘቀዘ። ሳህኑን ገፋ አደረገችና፣ "ማማ፣ እኛም ጋ እኮ እንዲሁ ነው" አለችኝ። "መጋዘኑን የሚቆጣጠረው ሰርቪስ መብራት ሲመጣ በራሱ አይነሣም። ጠዋት ጠዋት የማስነሣው እኔ ነኝ፤ ሌላ የሚችል የለም። ቡክራ ላስተካክለው ነበር።"

"አታስተካክዪው" አልኳት።

ፓስፖርቷን ተቀብዬ ከራሴው ጋር በጨርቅ ጠቅልዬ ወገቤ ላይ አሰርኩት። ዛሬ ጠዋት ለኬላው ፎቶ ኮፒውን ብቻ ይዛ ሄደች። አሁን መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የሃፍላ ድምፅ እጠብቃለሁ። ሰውዬው "አመጣሽው?" ሲላት የምትመልስለትን ግን አስጠንቻታለሁ። አንዲት ቃል ናት፤ ትናንት እሱ ራሱ የተናገራት ቃል ናት።