መርዶ ይዤ ዱባይ

ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እነግራታለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች።

ከኩልመስክ የተነሳሁት ለመርዶ ነው። ባሌ ከሞተ ሁለት ወሩ ነበር፤ ዱባይ ያለችው ልጄ ስንዱ ግን አልሰማችም። መርዶ በስልክ አይነገርም። እሷ ምኑንም ሳታውቅ «እማዬ፣ ነይና እይኝ» ብላ ትኬት ላከች። ጥቁሩን ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩና ነጭ ለብሼ ሄድኩ።

እስከ ላሊበላ በሚኒባስ፣ ከዚያ በአውሮፕላን። አዲስ አበባ ላይ ፈታሹ የጭኮዬን ጣሳ ከፍቶ አሸተተና መለሰልኝ።

ዱባይ ስወርድ ሙቀቱ የምድጃ አፍ ነው። ስንዱ እቅፍ አድርጋኝ «አባባስ?» አለች።

«ደህና ነው» አልኳት፣ ሻንጣዬን እያየሁ።

ቤቷ አስራ አንደኛ ፎቅ ነው። አብራት የምትኖረው ፋጡማ የወረባቦ ልጅ ናት። ስንዱ ሥራ ስትሄድ ጉዳዬን ለፋጡማ ነገርኳት። «ነገ ማለዳ፣ ከቤት ሳትወጣ እናርዳት። የአገር ልጆች ጥሪልኝ።»

«ኧረ እማማ! እዚህ ጮኾ ማልቀስ የለም። ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል፣ አከራዩም ያስወጣናል።»

«ሰው ሞቶ?»

«ሰው ሞቶም።»

«ታዲያ በምን ያለቅሳሉ?»

«በመሀረብ።»

«እሱማ ጉንፋን ነው እንጂ ልቅሶ አይደለም።»

ሳቀች፤ ወዲያው እንባዋ መጣ። «ቆይ፣ መላ አለኝ» አለች።

እሑድ ማለዳ ፋጡማ «እማማን በረሃውን እናሳያቸው» ብላ፣ ሁለት የአገር ልጆች ጨምራ፣ በአሮጌ መኪናዋ ወሰደችን። ከከተማው ርቀን፣ ግራ ቀኙ አሸዋ ብቻ የሆነበት ቦታ ቆመች። መስኮቱን ሁሉ ዘጋች። እኔ ጥቁር ነጠላዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ስንዱ ነጠላውን አየች፤ ቃል አልጠበቀችም።

«አባባ!»

ደረቷን እንዳትመታ እጇን ያዝኩ። ሁላችንም አለቀስን፤ ፋጡማ እንኳ ላላየችው ሰው።

ጥቂት ቆይቶ የፖሊስ መኪና ከኋላችን ቆመ። በቃ፣ ልጄን አስያዝኳት አልኩ። ፋጡማ ወርዳ በዐረብኛ አስረዳችው። ፖሊሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ትንሽ ተናገረና ሄደ።

«ምን አለሽ?»

«አሏህ ይዘንለት አለ። መስኮቱን ክፈቱት፣ ትታፈናላችሁ፤ እዚህ የምትረብሹት ሰው የለም አለ።»

ከፈትነው።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩ። ጎረቤቶቼ ስለ ፎቁ ይጠይቁኛል። እኔ የምላቸው አንድ ነው፦ ሰው አገር ስትሄዱ፣ የት እንደሚበላ ብቻ ሳይሆን የት እንደሚለቀስም ጠይቁ። ስንዱን ግን በወጉ አርድቻታለሁ፤ ማለዳ፣ በሰው መሀል፣ ድምጿን አውጥታ።