ማን አለ?

ንጋትወርቅ ጣሰው ሃያ አራት ዓመት እስኪሞላት ድረስ አንዱን ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ ሁለቱንም ጊዜ የጣላት ደግሞ ብዙ ማወቋ ነው። ሽሙጥ አይደለም፤ እውነት ነው።

በአዋሽ ሸለቆ ታች ያለው የጥጥ እርሻ ለሬዲዮ ክፍሉ መልእክት ተቀባይ የሚቀጥረው በፈተና ነበር። አርባ ሃምሳ ሰው ይቀመጣል፤ አንድ ሰው ያልፋል። ንጋትወርቅ ሒሳቡን ያለ ጭንቅ ትሠራዋለች፤ ጽሕፈቷም ያማረ ነው። «ማመዛዘን» የሚሉት ክፍል ላይ ስትደርስ ግን ጉድ ይፈላል። እዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሰጥና ከሥሩ አንድ መደምደሚያ ይጻፋል፤ ተፈታኙ «ይከተላል» ወይም «አይከተልም» ብሎ መመለስ ብቻ ነው ያለበት።

በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ የሚል ጥያቄ መጣባት፦ «በእርሻው የሚሠሩ ሁሉ የወባ ክኒን ይውጣሉ። ጉልላት የወባ ክኒን ይውጣል። ስለዚህ ጉልላት በእርሻው ይሠራል።» ንጋትወርቅ ሳቀች። አዋሽ ውስጥ ጉልላትን የማያውቅ አለ? የእርሻው ፓምፕ ጠባቂ አይደል እንዴ! «ይከተላል» ብላ ጻፈች። ፈተናውን ያወጣው ሰው የአዋሹን ጉልላት በሕልሙም አይቶት አያውቅም፤ የወረቀቱ ጉልላት ክኒን ከመዋጥ በቀር ምንም አላደረገም። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ሌላ መጣ፦ «ዓሣ ሁሉ ዛፍ ላይ ይወጣል። አምባዛ ዓሣ ነው። ስለዚህ አምባዛ ዛፍ ላይ ይወጣል።» የአዋሽን አምባዛ እየበላች ያደገች ልጅ ይህን እንዴት ትቀበል? «አይከተልም» አለች። አልበቃትም፤ በወረቀቱ ዳር «ይህ ውሸት ነው» ብላ ጨመረችበት።

በ1958 ዓ.ም. ግን ቀልድ የለም። አባቷ አቶ ጣሰው ሃያ ሁለት ዓመት በአዋሽ ባቡር ጣቢያ ባቡሩ መስመር እንዲቀይር ሐዲድ ሲያዞሩ ኖረው በሰኔ መጨረሻ ጡረታ ሊወጡ ነው። የሚኖሩባት ቤት የምድር ባቡሩ ናት፤ ጡረታ የወጣ ሰው ቁልፍ ያስረክባል። አቶ ጣሰው ቡልጋ ውስጥ ዘመድ አለን ይላሉ እንጂ የአንዱንም ስም መጥራት ያቅታቸዋል። የንጋትወርቅ እናት የተቀበረችው አዋሽ ነው፤ ልጅቷም ሌላ አገር አታውቅም። እርሻው ለሬዲዮ ሠራተኛው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ይሰጣል። ካለፈች አባትና ልጅ በሸለቆው ይቀራሉ፤ ከወደቀች ዕቃቸውን ጭነው ወደማያውቁት ደጋ ይወጣሉ። ነገሩ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ሦስተኛው ፈተና ሁለት ወር ሲቀረው፣ ንጋትወርቅ ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ግራር ሥር ከእማማ ሀምዳ ጋር ተቀምጣለች። ሀምዳ ለጣቢያው ሠራተኞች ወተት የምታመጣ የአፋር ሴት ናት፤ ፊደል አልቆጠረችም፤ አማርኛዋ ግን የጣቢያ ልጅ አማርኛ ነው። በዚህ መሃል ከገዋኔ በኩል አንድ ሰው በእግሩ መጣ። ሀምዳን ሰላም አለና ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብሎ ዳጉ ጀመሩ። ዳጉ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ወሬ የሚለዋወጡበት ሥርዓት ነው። ንጋትወርቅ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ሺህ ጊዜ አይታዋለች፤ ቋንቋውንም ትሰማለች። አዳምጣው ግን አታውቅም ነበር።

ሰውየው የከድሩ መኪና መገልበጡን ተናገረ። ከድሩ የእርሻውን ጥጥ ወደ ባቡሩ የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ሚስቱ መሪማ ከጣቢያው ጀርባ ትኖራለች።

«መኪናውን አየሁ» አለ ሰውየው። «ጎማው ወደ ሰማይ ነው። በሩ ላይ ደም አየሁ። ከድሩን አላየሁም።»

ንጋትወርቅ ዘላ ተነሣች። «ሞቷል ማለት ነው! ለመሪማ ልንገራት!»

ሀምዳ የልጅቷን ነጠላ ጫፍ ያዘች። «ማን አለ?»

«ደም አለ ብሏል እኮ!»

«ደም አለ። ሞተ አለ?»

ንጋትወርቅ ተመልሳ ተቀመጠች። ሀምዳ ወደ ሰውየው ዞረች። ደሙ የሰው ነው? አላውቅም አለ። ከድሩ ወዴት ሄደ? ሌላ መኪና አንሥቶ ወሰደው ሲባል ሰማሁ አለ። ከማን ሰማህ? ከአንድ እረኛ። እረኛው በዓይኑ አይቷል? ቆም ብሎ አሰበና «አቧራውን ነው ያየው» አለ። አንዲት ቃል አላጋነነም፤ አንዲትም አልቀነሰም። ያየውን ለብቻ፣ የሰማውን ለብቻ፣ የማያውቀውን ለብቻ አስቀመጠው።

በሦስተኛው ቀን ከድሩ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ በእግሩ ከተፍ አለ። ደሙ የጫናቸው ፍየሎች ደም ነበር። ንጋትወርቅ ባልና ሚስቱ ደጃቸው ላይ ቆመው ሲስቁ አየች። ያን ቀን የነጠላዋ ጫፍ ባይያዝ ኖሮ በሕይወት ላለ ሰው ልቅሶ ታስቀምጥ ነበር። ከዚያ ይበልጥ ያስደነቃት ግን ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያሸነፋትን ጥያቄ እነዚህ ሰዎች ቁጢጥ ብለው፣ ያለ ወረቀት ያለ እርሳስ፣ በየመንገዱ ሲመልሱት ኖረዋል። እሷ ደግሞ አጠገባቸው ሆና ለድሮ የፈተና ወረቀት ድሬዳዋ ድረስ ስትልክ ነበር! በራሷ አፈረች፤ ሀምዳንም ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ ዓይን አየቻት።

ከዚያ ወዲያ ጥያቄዎቹን ይዛ ግራሩ ሥር መቀመጥ ሆነ ሥራዋ። የጉልላትን ስታነብላት ሀምዳ ወዲያው «ክኒን ዋጠ አለ እንጂ በእርሻው ይሠራል መች አለ?» አለቻት።

«ጉልላትን አውቀዋለሁ እኮ፣ እማማ።»

«ያ የአንቺ ነው። የሱን ከአንቺ ጋር አትቀላቅይ።»

የዓሣውን ስታነብላት ሀምዳ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከሳቋ ስትመለስ ግን ፊቷ ኮስተር አለ። «ዳጉ ላይ ሰው ሳይጨርስ ዋሽተሃል አይባልም። መጀመሪያ እንዳለው ትቀበይዋለሽ። እሱ እንዳለው ከሆነ፣ አምባዛ የት ነው?»

«ዛፍ ላይ» አለች ንጋትወርቅ እየመረራት።

«አዎ፣ ዛፍ ላይ። ወላሂ ኃጢአቱ የተናጋሪው ነው፤ አንቺ ምን ቸገረሽ?»

ፈተናው በግንቦት አጋማሽ በእርሻው መጋዘን ውስጥ ተሰጠ። ሙቀቱ ወረቀቱን ከክንድ ጋር ያጣብቀዋል። አርባ አንድ ሰው ተቀምጧል። ንጋትወርቅ ማመዛዘኑ ላይ ስትደርስ የነጠላዋን ጫፍ አንድ ሰው የያዘው መሰላት። በእያንዳንዱ መደምደሚያ ላይ «ማን አለ?» እያለች በልቧ ጠየቀች። የምታውቀው ስም ሲመጣ አላወቀችውም፤ ውሸት ሲመጣ አልተቆጣችም። ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ ተከፈቱላት፤ ነገሩ እጅግ ስለቀለላት ፈራች። ወጥታ ለአባቷ «አላውቅም» ብቻ አለቻቸው።

ሰኔ ገባ። ወሬ የለም። አቶ ጣሰው አልጋውን ፈትተው እንጨቱን በገመድ አሠሩት፤ ቁልፍ ማስረከቢያው አሥራ ሁለት ቀን ቀረው። ወንድሟን ለመጠየቅ ወደ ታች ወርዳ የነበረችው ሀምዳ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን በጠዋት መጣች። ወተት አልያዘችም። በራቸው ላይ ቁጢጥ አለች። ንጋትወርቅም ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለች።

«የእርሻው ቢሮ ግድግዳ ላይ ሁለት ወረቀት አየሁ» አለች ሀምዳ። «እኔ ማንበብ አልችልም። ከድሩ አነበበልኝ። አንደኛው ላይ ያንቺ ስም ብቻ ነው አለ። ያ ወረቀት ክብ ማኅተም አለው፤ ማኅተሙን አይቻለሁ። ሁለተኛው ላይ ብዙ ስም ነው አለ። በሁለቱም አናት ላይ የተጻፈውን ሳያነብልኝ የተሳፈርንበት መኪና ተነሣ።»

አቶ ጣሰው ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ሰማይ አዩ። «ተመስገን! አለፍሽ! የሚያልፈው አንድ ሰው፣ ስሙም አንድ! ልጄ፣ አለፍሽልኝ!» እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ የታሠረውን የአልጋ እንጨት ለመፍታት ጎንበስ አሉ።

ንጋትወርቅ አባቷን ማቀፍ፣ መጮኽ፣ መጨፈር ፈለገች። ዓይኗን ከሀምዳ ላይ ሳትነቅል ግን ቀስ ብላ ጠየቀች፦ «ማለፌን ማን አለ?»

«ማንም አላለም።»

«የብቻ ስም የወደቀም፣ ፈተናው የተሰረዘበትም ሊሆን ይችላል። ማኅተሙም ማለፍ ማለት ነው ያለ የለም።» ወደ አባቷ ዞረች። «አባባ፣ ገመዱን አይፍቱት። አይከተልም።»

አቶ ጣሰው ገመዱን እንደያዙ ቀሩ። ሀምዳ እጇን ዘርግታ የልጅቷን ጉልበት ያዘች። «ወረቀቱ የሚለውን አላየሁም» አለች። «ይህን ግን በዓይኔ አየሁ፤ ማንም አልነገረኝም። ቤትሽ ሊሄድ ነው፤ አባትሽ ያለቅሳል፤ እኔ ያላልኩትን ግን አልጨመርሽም። በኔ በኩል አልፈሻል።»

ከእርሻው ዋና መሥሪያ ቤት ደብዳቤው በአምስተኛው ቀን በባቡር መጣ። አቶ ጣሰው ለራሳቸው አላነበቡትም፤ በሁለት እጃቸው ይዘው ለልጃቸው ሰጧትና ጥያቄ እንደከበደው ተማሪ አጠገቧ ቆሙ። ንጋትወርቅ ማኅተሙን አየች። ስሟን አየች። ከስሟ በታች ያለውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበች።

«አሁንስ፣ ንጋቴ?» አሉ አባቷ።

«አሁን ይከተላል፣ አባባ» አለችና ያን ጊዜ ገና አለቀሰች።