ነፋስ ሲነሣ

በግንባታ ፈቃድ ቢሮው አግዳሚ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት እናት መዳፋቸው ተልጧል። መስኮቱ በተንቀጫቀጨ ቁጥር ጣቶቻቸው ይጨበጣሉ።

«እማማ፣ ደንብ ነው። ጣሪያው ከግድግዳው ጋር በብረት ካልታሰረ ነፋስ ይወስደዋል» አላቸው የቢሮው መሐንዲስ።

«ለማሰር ቆርቆሮው ይነሣ አላችሁኝ። ከሥሩ የተኛው ልጄ አልጋ ከያዘ ቆየ፤ ወዴት ልውሰደው?»

«እስካሁንስ በምን ቆመ?»

«ነፋስ ሲነሣ ከጣሪያው እንጨት ባሰርኩት ገመድ እንጠለጠላለሁ። ደግነቱ ወፍራም ነኝ!» ብለው ሳቁ።

መሐንዲሱ አልሳቀም፤ አለቃውን ሊለምንላቸው ገባ። ውጭ ዛፎቹ መወዛወዝ ጀመሩ። እሳቸውም ብድግ አሉ።

«ኧረ ይጠብቁት፣ አሁን ይመጣል!» አልኳቸው።

«ነፋሱ ቀደመው፣ ልጄ።»

ሲሮጡ በመስኮቱ አየኋቸው። እኔ ምን አቅም አለኝ? አምላኬ፣ ገመዱን አብረሃቸው ያዝ።