ካንሰር ያልነበረው ዕጢ

በሆስፒታሉ ቤተ ሙከራ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርታለች። ከታማሚ ገላ የወጣ ሥጋ በሰም ውስጥ ይረጋል፤ እሷ ከፀጉር አሳስታ ትቆርጠዋለች፣ መስታወት ላይ አንጥፋ ቀለም ታስይዘዋለች። እጇ ስለማይስት ባልደረቦቿ «ምላጭ» ይሏታል። መስታወቱን አይቶ በሽታውን ማንበቡ ግን የሐኪሙ ድርሻ ነው።

አንድ ቀን የአንዲት ልብስ ሰፊ የጡት ዕጢ መጣ። ምላጭ እንደ ልማዷ በማይክሮስኮፑ አጮልቃ አየችው። ሴሎቹ እንደ እንዝርት ሾጠጥ ያሉ፣ ካንሰር የሚያስመስሉ ናቸው። ጠርዙ ግን ልሙጥ ነው፤ ዙሪያውን አልቦረቦረም፣ ሲራባ የሚታይ ሴልም አጣችበት።

«ዶክተር፣ ይሄ ከጡት አያያዥ ሥጋ የሚበቅለው፣ የማይዛመተው ዓይነት አይመስልዎትም? ሌላ ቀለም ብንጨምርበት ይለይልን ነበር» አለች።

ሐኪሙ ቀና ሳይል «አንቺ ቁረጪ፣ እኔ ላንብብ» አላትና «ካንሰር» ብሎ ፈረመ።

ሁለት ልጅ ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ከአለቃ ጋር አትካረርም። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። የልብስ ሰፊዋ ጡት ሙሉ በሙሉ ተነሣ።

ሴትየዋ በየዓመቱ ለምርመራ ስትመጣ ራሷ የሰፋችውን ሸሚዝ ለሐኪሙ ታመጣለች። «ከሞት አፍ ነው ያወጡኝ» ትላለች። እሱም ይቀበላታል።

በአራተኛው ዓመት አንዲት አዲስ ሐኪም ለተማሪዎች ማስተማሪያ የቆዩ መስታወቶችን ስታገላብጥ ያን ናሙና አገኘችና ያኔ ሳይጨመር የቀረውን ቀለም አስጨመረች። ነገሩ ምላጭ እንዳለችው ሆነ፤ ዕጢው ብቻ ቢወጣ በቂ ነበር። ሐኪሙ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብሎ ፋይሉን አስዘጋ።

ምላጭ ግን አልቻለችም። ልብስ ሰፊዋን ግቢው ውስጥ አግኝታ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለች ሴትየዋ።

«ያኔም ጠርጥሬ ነበር፣ እህቴ።»

«ያኔ ዝም ያልሽ ሴትዮ ዛሬ ምን አናገረሽ?»

«ከበደኝ።»

«ከበደሽና እኔ ላይ ጣልሽው። ባሌ ሲሸሸኝ እንኳ ‹ነፍሴ ተርፋለች› ብዬ ነበር የምጽናናው። አሁን ምን ብዬ ልጽናና?»

ልብስ ሰፊዋ ሐኪሙን ከሰሰች፤ የሆስፒታሉ ኮሚቴም ተሰበሰበ። አዲሷ ሐኪም ለምስክርነት ስትጠራ የዓመት ፈቃድ ወጣች። ሐኪሙ በተግሳጽ ታለፈ። ምላጭ ደግሞ የታካሚ ምስጢር አውጥተሻል ተብላ፣ ከመቁረጫው ማሽን ተነሥታ ወደ ናሙና ማከማቻው ተዛወረች።

ከወራት በኋላ ልብስ ሰፊዋን መንገድ ላይ አየቻትና ሰላም ልትላት ቀረብ አለች። ሴትየዋ ፊቷን አዙራ ተሻገረች። ምላጭ አልፈረደችባትም።