ንግግር የሚያቋርጥ ደወል

ባኮ የሄድኩት ታላቋ ልጄ ወልዳ ላርሳት ነው። በዚያ ዘመን አንድ ቦታ አልረጋም ነበር። አንዷ ልጄ ሸነን፣ አንዷ እጃጂ፣ ይቺኛዋ ባኮ፤ ቤቴ አምቦ ነው ይባላል እንጂ እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ። ባኮ ቆላ ነው። ከአምቦ ለብሼው የወጣሁትን ጋቢ ከመኪና ሳልወርድ አጥፌ ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ።

የልጄ ባል የበቆሎ ዘር በሚያባዛ የእርሻ መሥሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነበር፤ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ። አማች ስለሆነ ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን እንዳይከብድ እሱ እያልኩ ልቀጥል። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፣ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለ መሣሪያው የምጽፈውም እሱ እንደነገረኝና እኔ እንደገባኝ ነው።

እኔ ከመድረሴ በፊት አንድ ነገር ሆኗል። ዘሩ የሚደርቅበት ቤት አለ፤ በአንድ በኩል ፍሬው የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይነድበታል፣ ሙቀቱ በዘሩ ሥር ያልፋል። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ዘሩ ይበስላል፣ የበሰለ ዘር ደግሞ አይበቅልም። እሳቱን የሚጠብቁት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም ኦቦ ብቻ ይላቸዋል። አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሠራተኛውን እዚያው ማድረቂያው ፊት ሰብስቦ ንግግር ያደርጋል። ኦቦ ቆባቸውን አውልቀው ቆመዋል። የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን መስመር ሲያልፍ አይተዋል። ግን ትልቅ ሰው እየተናገረ ነው። ንግግሩ እስኪያልቅ ጠበቁ፤ ሲያልቅ ዘሩም አልቆ ነበር።

ኃላፊው ለምን አልተናገሩም ብሎ ሲቆጣ፣ የመለሱት መልስ በግቢው ሁሉ ይወራ ነበር።

“እርስዎ እየተናገሩ እኮ ነው፣ ጓድ ኃላፊ።”

ሌላ ዘር እንደዚህ ከተበላሸ ከሥራ እንደሚሰናበቱ ተነገራቸው። መሬታቸውን ለልጆቻቸው አካፍለው ጨርሰዋል፤ ከዚያ እሳት ሌላ እንጀራ የላቸውም።

አማቼ ቀድሞም ሙቀቱን የሚያነብ መሣሪያ እየሠራ ነበርና ደወል ልጨምርበት ብሎ ተነሣ። መሣሪያው ትንሽ ቦርድ ነው። ላዩ ላይ መስኮት ያለው ቺፕ ተሰክቷል፣ ቁጥር የሚያሳይ ቀይ መብራትም አለው። ትእዛዙን ሲ በሚሉት ቋንቋ ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ይጽፍና ቺፑ ላይ ያቃጥለዋል። ማቃጠል ነው የሚሉት። እኔ የዘሩን ነገር ሰምቼ ስለነበር በዚያ ሰሞን ቃሉን መስማት አልወድም ነበር። ከተሳሳተ ቺፑን በመስኮቱ በኩል ልዩ መብራት ያሳየዋል፤ ያን ጊዜ የተጻፈው ይጠፋል፣ እንደገና ይጻፋል። ብዙ ጊዜ ጠፍቷል።

መጀመሪያ የሠራው መሣሪያ ዙር ነበረው፤ ሙቀቱን ያነባል፣ ያሰላል፣ ቁጥሩን ያሳያል፣ መጨረሻ ላይ ነው ሙቀቱ ልክ አልፎ እንደሆነ የሚጠይቀው። የያዘውን ሳይጨርስ ዞር ብሎ አያይም። ይህን በረንዳ ላይ ሆኖ ሲያስረዳኝ ልጄ ከመጋረጃው ውስጥ ሰማችው።

“ይኼማ ኦቦን ነው የሠራሃቸው” አለችው።

ሳቀ፤ ግን ያንኑ ቀን ሁሉንም አጠፋው። አዲሱ ሌላ ዓይነት ነው። ሙቀቱ ልክ ሲያልፍ የሚገናኝ ሽቦ አለ፤ ሽቦው ሲገናኝ መሣሪያው ምንም ይሥራ ምን፣ ጥሎ ይነሣል፣ ደወሉን ይደውላል፣ ከዚያ ጥሎት ወደተነሣው ሥራ ይመለሳል። ይህን ማቋረጥ ይሉታል። ቤት ውስጥ ለመሞከር በሽቦው ፋንታ የበር ደወል መጫኛ ገጠመበትና እኔ እንድጫን አደረገኝ። እሱ ዓይኑን ከቁጥሩ መንቀል አይችልም፣ ልጄ አራስ ናት። ሕፃኑን በአንድ ክንዴ ይዤ በሌላው እጄ ጣት ተጫንኩ።

ደወለ። እጄን ሳነሣ ግን አልቆመም። ቀዩ ቁጥርም ባለበት ደርቆ ቀረ። ሕፃኑ ብርግግ ብሎ አለቀሰ፣ አማቼ የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቀለ።

ምን ሆነ ብዬ ስጠይቀው ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ትእዛዙን የጻፈበትን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ሲያነብ ቆየና፣

“አቤት አላለም” አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሲጠራ አቤት ይላል፤ አቤት ካላለ ጠሪው አልሰማም ብሎ መጥራቱን አይተውም። መሣሪያውም ተጠርቶ ሲመጣ ጥሪህን ሰምቻለሁ ብሎ ምልክቱን ማጥፋት አለበት። ይህን መጻፍ ረስቶታል። ስለዚህ ጥሪው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ መሣሪያው ደውሎ ሲመለስ እንደገና ይጠራል፣ ሲመለስ እንደገና፤ ወደ ሥራው የሚደርስበት ጊዜ የለውም። አንዲት መስመር ጨመረ። በነጋታው ስጫን ደወለ፣ ስለቅ ዝም አለ፣ ቁጥሩም ከነበረበት ቀጠለ። ደጋግሜ እንድጫን አደረገኝ፤ በዝግታ፣ በፍጥነት፣ ቁጥሩ ሲቀያየር መሐል ላይ። ሕፃኑ ከዚያ በኋላ በደወል መተኛት ለመደ።

መሣሪያው ማድረቂያው ላይ ተገጥሞ ኃላፊው ሊያይ የመጣበት ቀን እኔም ምሳ ይዤ ሄጄ ቆሜ አይቻለሁ። ማድረቂያው ባዶ ነው፣ ዘር አልገባበትም፤ እሳቱ ግን ይነዳል። ኃላፊው ሠራተኛው መሰብሰቡን ሲያይ ዝም ብሎ መቆም አልሆነለትም፣ ንግግር ጀመረ። ስለ ምርት፣ ስለ ንቃት። ኦቦ ቆባቸውን አወለቁ። አማቼ ላቡን ይጠርጋል።

“ስለዚህ እያንዳንዱ ሠራተኛ በየ...” ሲል ደወሉ ጮኸ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ኦቦ ኃላፊውን አዩ፤ ኃላፊው አፉ እንደተከፈተ፣ እጁ አየር ላይ እንዳለ ቀርቷል። ከዚያ ሽማግሌው ቆባቸውን አጠለቁና ጀርባቸውን ሰጥተውት ሄዱ። ቆረቆንዳውን በአካፋ ወደ ኋላ ሳቡ፣ የአየር መዝጊያውን ዘጉ። ቁጥሩ መውረድ ጀመረ፣ ደወሉም ዝም አለ።

“በየሥራ መስኩ” ብሎ ኃላፊው ቀጠለ። አማቼ በዚህ ሳቁን እንዴት እንደዋጠው እንጃ።

ንግግሩ ሲያበቃ ኃላፊው ቦርዱን ጎንበስ ብሎ አየና፣ እንግዲህ ደወል ካለ ሽማግሌው ለምን ያስፈልጋሉ ብሎ ጠየቀ። ይህን አልጠበቅንም ነበር። ኦቦ አካፋቸውን እንደያዙ መሬት መሬት ያያሉ።

“ደወሉ መጥራት ነው የሚያውቀው፣ ጓድ” አለ አማቼ። “እሳት መሳብ አያውቅም። ሰው ከሌለ ለማን ይደውላል?”

ኃላፊው አሰበ። ምድጃውን አየ፣ ጭሱ ዓይኑን ሲለበልበው ፊቱን አዞረ።

“ይቆዩ” አለ፤ ወጥቶም ሄደ።

ሰው ሲበተን ኦቦ ወደ አማቼ ቀረቡ። ማንም እየተናገረ ቢሆን ይደውላል ወይ ብለው ጠየቁት። ማንም ቢሆን አላቸው።

“እሱም?” አሉ፣ በአገጫቸው ኃላፊው ወደሄደበት እያመለከቱ።

“እሱም።”

“ደወሉ ባለጌ ነው እንግዲህ” አሉና ከሰዓት በኋላ ለሚገባው ዘር ቆረቆንዳ ሊያመጡ ሄዱ።