ሚዛን በስቅለት ዕለት

የእህቴ ልጅ ሚዛን ለኮሌጇ ቅርጫት ኳስ በተጫወተችበት አራት ዓመት አድራሽ መላሿ እኔ ነበርኩ። በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ሩንዳ የሚባል ሰፈር ለሚኖሩ ዲፕሎማቶች ሾፌር ነኝ፤ ሥራዬ መንዳት፣ ዕረፍቴም መንዳት። ስሜ ደስታ ነው። ፊቴን እያየ ስሜን የሰማ ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ፣ ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።

ልጅቷ በአሥራ አራት ዓመቷ በቁመት በለጠችኝ። እናቷ እህተማርያም ሁርሊንግሃም ሰፈር ምግብ ቤት አላት፤ እዚያ የሚመጣ ደንበኛ ደግሞ ስለ ልጅቷ ቁመት ካላወራ ምግብ አይወርድለትም። «ይቺን ስልክ እንጨት ማን ሊያገባት ነው?» ይላሉ። ኧረ ምን አገባችሁ! እሷ አንገቷን ደፍታ ሳህን ታነሳለች። መጉበጥ ጀምራ ነበር እኮ። ቀና ያደረጋት ኳሱ ነው፤ ለዚህ ለዚህ ኳስን አመሰግነዋለሁ።

ኮሌጅ ስትገባ ክፍያውን በግማሽ ቀነሱላትና ፎርዋርድ አደረጓት። ፎርዋርድ ማለት እኔ እንዳየሁት የጉልበት ሥራ ነው። ቅርጫቱ ሥር ቆሞ መገፋት፣ መግፋት፣ የተሳተውን ኳስ ከሰው ክርን መሀል ዘሎ መንጠቅ። ጭብጨባው ከሩቅ ለምታገባዋ ነው። ሚዛን ከንፈሯ አብጦ፣ ጣቷ በፕላስተር ተጠቅልሎ ወደ መኪናዬ ትመጣና ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ ይላል። ሁዳዴ ሲገባ ይብስባታል፤ እህል ውሃ ሳትቀምስ ትለማመዳለች። «አልደከመሽም ልጄ?» ስላት «ደክሞኛል ጋሼ፤ ግን ስዘል ይተወኛል» ትለኛለች።

አራተኛ ዓመቷ ላይ፣ በፈረንጅ ሁለት ሺህ አምስት፣ ቡድኑ ለፍጻሜ ደረሰ። የተማሪነት ፈቃዷ ከምረቃዋ ጋር ያበቃል። እዚህ አገር ለእኛ ሰው የሥራ ፈቃድ ማግኘት ደግሞ… ተዉት፣ አይነሳ። አንድ ባንክ ግን የሴቶች ቡድን አለው፤ ተጫዋቾቹን ይቀጥራል፣ ፈቃዱንም ራሱ ያስጨርሳል። የባንኩ አሰልጣኝ ፍጻሜው ላይ መጥቶ ሊያያት ቃል ገባ። ከወደዳት ሥራም አላት፣ ኳስም አላት። ካልወደዳት ወደ እናቷ ሳህን ትመለሳለች።

ታዲያ ፍጻሜው መቼ ሆነ? በእኛ ስቅለት! የአገሬው ሰዎች ስቅለት ካለፈ ወር ሆኖታል፤ ያኔማ ተጠንቅቀው ጨዋታ አላደረጉም። ሚዛን ለአሰልጣኟ ለናልያካ ብትነግራት ሴትየዋ ግራ ገብቷት «እናንተ ዘንድ በዓመት ስንቴ ነው የሚሰቀለው?» አለቻት። ክፋት የላትም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው።

እህተማርያም ጨዋታውን አልከለከለችም፤ ይኼን እመሰክርላታለሁ። እንዲያውም «በዚያን ቀን ለምኖ ያፈረ የለም። ሰግደሽ፣ ሥራውን ስጠኝ ብለሽ ለምነሽ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ትሄጃለሽ» አለቻት።

«አንቺ ሴትዮ፣ እግሯን ተዪላት እንጂ! በእግሯ አይደል እንዴ የምትጫወተው!» አልኳት።

«አንተ ዝም በል፤ ዱሮም ለጸሎት ሰነፍ ነህ።»

ሚዛን መሀል ገብታ «እችላለሁ ጋሼ» አለች። ይኼ እችላለሁ የሚሉት ነገር ነው እኛን የጨረሰን።

የስቅለት ስግደት ቀልድ አይደለም። ትቆማለህ፣ በጉልበትህ ትወርዳለህ፣ ግንባርህን መሬት ታስነካለህ፣ ትነሳለህ፤ መቶ ሲሞላ ሌላ መቶ ይቀጥላል። አሮጊቶቹ እንኳ ብልሃቱን ያውቁታል፣ መሀል ላይ ግድግዳ ደገፍ ይላሉ። ሚዛን መቼ ታውቅና! ልምምድ ላይ እንደምትሠራው ሁሉ አንዷንም ሳትዘል ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰገደች። እናቷ አጠገቧ ሆና እያለቀሰች ስሟን እየጠራች ትለምንላታለች። እኔ ከኋላ ቆሜ ሰዓቴን ሳይ ዋልኩ፤ ንዴቴ ጾሙን አስረስቶኛል።

ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ የመኪናውን በር ተደግፋ ነው የገባችው። እናቷም ነጠላዋን እንዳደረገች ከኋላ ገባች። ጨዋታ አይታ አታውቅም፤ «ዛሬስ አብሬያት እሆናለሁ» አለች። ዝናብ ነበር፤ ዌስትላንድስ ላይ መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ ቆሟል። ሚዛን አጠገቤ ተቀምጣ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፤ በሁለት እጇ ብትይዘውም አልቆም አለ። ውሃ ባቀብላት «እስከ ማታ ጋሼ» ብላ መለሰችልኝ።

እንደምንም ደረስን፤ እስከ ዕረፍት ድረስ በቁመቷና በልምዷ ተጫወተች። የባንኩ ሰውዬ ከፊት ተቀምጦ በአድናቆት ራሱን ሲነቀንቅ አይቼ እኔም ልቤ መለስ አለ። ከዕረፍት በኋላ ግን ድሮ ከሁሉ በላይ ወጥታ የምትነጥቀውን ኳስ አጫጭሮቹ ይወስዱባት ጀመር። ናልያካ «ዝለዪ ሚዛን! ዝለዪ!» እያለች ትጮኻለች። ውሃ ሰጧት፤ ተጉመጥምጣ ተፋችው። እህተማርያም ከጎኔ «ምን ሆና ነው? ታመመችብኝ እንዴ?» ትለኛለች። ኧረ በማርያም፣ እኔን ነው የምትጠይቂኝ?

ሊያልቅ ሲል በአንድ ነጥብ ተመርተዋል። ኳሱ ቅርጫቱ ሥር ብቻዋን ለቆመችው ለሚዛን ደረሳት። ዓይኗን ጨፍና የምታገባት ዓይነት ነበረች። ለመዝለል ጉልበቷን አጠፈች። አጠፈችና በዚያው ወረደች። ኳሱ ከእጇ አምልጦ ሄደ፣ ጥሩምባው ተነፋ፤ እሷ በጉልበቷና በመዳፏ መሬት ላይ እንደሆነች ቀረች። ጠዋት ሙሉ ያየናት እንደዚያው ሆና ነበር። እህተማርያም ያኔ ገባት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ «ልጄን… ልጄን…» ብቻ ትላለች። ልናገራት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ አንጀቴ አልቻለም። እግዜርን በልጅቷ በገዛ እግሯ ለመንነው፤ ሲሰጠን የምትቀበልበት እግር አላስቀረንላትም።

ናልያካ አቅፋ አነሳቻት፤ «ፖሌ፣ ፖሌ» እያለች ታጽናናታለች። የባንኩ ሰውዬ ለአሰልጣኟ የተናገረውን እኔም ሰማሁት። «ቁመቱስ አላት፤ ጉልበት ግን የላትም» አለ። ጉልበት የላትም! አንገቱን ባንቀው ደስ ባለኝ። ግን እሱስ ከየት ያውቃል?

በቃ፣ የሚዛን ኳስ እዚያ ላይ አበቃ። ተመረቀች፤ ዛሬ የእናቷ ምግብ ቤት ሒሳብ መቀበያው ላይ ተቀምጣለች፤ ከላይ መደርደሪያ ጠርሙስ ለማውረድ ወንበር የማያስፈልጋት እሷ ብቻ ናት። ደንበኞቹ አሁንም ቁመቷን ያወራሉ። እናትና ልጅ ስለዚያ ቀን ሲነጋገሩ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።

በዓመቱ ስቅለት አብረን ሄድን። ሚዛን እንደ አምናው አንዷንም ሳትዘል ትሰግዳለች። እኩለ ቀን ላይ እህተማርያም አላስችላት ብሎ ክንዷን ያዘቻት።

«ይበቃሻል ልጄ። ቁጭ በዪ፣ እግርሽን አሳርፊው።»

ሚዛን ላቧን በነጠላዋ ጠረገች። ቁጣም የለባት፣ ምንም የለባት፣ ድካም ብቻ ነው ያየሁባት።

«ለምኑ ላሳርፈው እማዬ?» አለቻት። «ዘንድሮ እንደሁ ጨዋታ የለብኝ።»